የማንጎ ውሃ ያሰከራት ላም

የምሠራበት ፋብሪካ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ፋብሪካ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማንጎ ጨምቆ በጠርሙስ የሚያሽግ፣ ማንጎ ሲጠፋ ደግሞ አቮካዶ አድቅቆ ዘይቱን የሚያወጣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ስለሚጮህ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። የተማርኩት ማይክሮባዮሎጂ ሲሆን፣ የተቀጠርኩት የጁሱን ጥራት እንድቆጣጠር ነበር። ጁሱ ግን ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ጁስ ያልሆነው ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ቦይ አለ። የፍራፍሬው እጣቢ፣ የማሽኑ ማጠቢያ ውሃ፣ ከወንፊት ያመለጠ ልጣጭና ጭማቂ ሁሉ በዚያ ቦይ እየወረደ አንድ ሰፊ የአፈር ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ አረፋ ደፍቆ ይገነፍልና ቁልቁል ወደ ጎረቤቶቻችን ጓሮ ያመራል። መጀመሪያ ላይ እንደ ጠጅ ይሸታል፤ ደስ ይላል ማለት ይቻላል። ሲሰነብት ግን የገማ እንቁላል ይሆናል።

ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከምሳ በኋላ ሸሚዝ የሚቀይር፣ ደግና ሽታ የሚፈራ ሰው ነው። ስለ ቦዩ ባነሳሁበት ቁጥር የሚመልስልኝ ስለ ነፋስ ነበር። ነፋሱ ዛሬ ከዳሞታ ተራራ በኩል ስለመጣ ነው፤ ነገ ሲዞር ይሄዳል ይለኛል። ነፋሱ ሲዞር ሽታው መሄዱ እውነት ነው፤ የሚሄደው ግን ጎረቤት ቤት ነው።

እኔም አልተውኩትም። ያ ውሃ ቆሻሻ ሳይሆን በላተኛ ያጣ ምግብ ነው እያልኩ አስረዳው ነበር። አየር የማይገባው ጉድጓድ ሠርተን ትክክለኞቹን ባክቴሪያዎች ብናስገባበት ስኳሩን በልተው ጋዝ ይሰጡናል፤ በጋዙ ምግብ እናበስላለን፤ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ውሃውም በቄጠማ መካከል ካለፈ በኋላ አትክልት ይጠጣዋል። እሱ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ይፈነዳል?»

«በትክክል ከተሠራ አይፈነዳም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ፤ 'በትክክል ከተሠራ' የምትይው።»

ከቦያችን በታች ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው የቲቸር ቤት ነው። ቲቸር ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። የከተማው ግማሽ ሀ ሁ የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ ባጃጅ ነጂውም፣ ፓስተሩም፣ የዞኑም ሹም «ቲቸር» ነው የሚላቸው። የእኛም ዘበኛ ተማሪያቸው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው፣ እሳቸው ከእንሰታቸውና ከአንዲት ዳማ ላም ጋር ይኖራሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው፤ ፊደል ስገድፍ ሳያርሙኝ አያልፉም።

ቲቸር ስለ ቦዩ ለማመልከት በየጊዜው ወደ ቢሮ ይመጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ይቀበላቸውና አንድ ጠርሙስ ጁስ ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። እሳቸውም አመስግነው ይወስዳሉ። አንድ ቀን ያንኑ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ፤ ክዳኑ በጥንቃቄ ተገጥሟል፤ ውስጡም ሙሉ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ጁሱን ሳይወዱት ቀርተው የመለሱለት መስሎት ቅር እያለው ለእንግዳ ከሚታዩት ናሙናዎች ጋር መደርደሪያው ላይ ደረደረው። በቀለም ከእኛ ጁስ ጋር ልዩነት አልነበረውም። በሳምንቱ፣ ቢሮው ውስጥ ስብሰባ ተቀምጠን ሳለ፣ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ። የቦዩ ውሃ መደርደሪያው ላይ እየተንፎለፎለ ወረደ። ቲቸር ያመጡት ከጓሯቸው ቀድተው እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባን።

ያም ሆኖ ምንም አልተሠራም። የተሠራው ላሟ ከሰከረች በኋላ ነው።

የማንጎ ወቅት መካከል ነበር። ከሐዋሳ የመጡ አከፋፋዮች ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ጁስ እየቀመሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ስለ ንጽሕና ያስረዳል። እኔ ነጭ ጋዋን አድርጌ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ዘበኛው ከበሩ በሩጫ መጥቶ በጆሮዬ፣ «ላሚቱ ሰክሯል» አለኝ። የትኛዋ ላም ብዬ ሳልጠይቅ ቲቸር በበሩ ገቡ።

እሁድ እሁድ የሚለብሱትን ልብስ ለብሰዋል። በእጃቸው ገመድ ይዘዋል። ከገመዱ ጫፍ ዳማዋ ላም ትከተላለች፤ መከተል ከተባለ። የፊት እግሮቿ አንድ አገር፣ የኋላዎቹ ሌላ አገር የሚሄዱ ይመስላሉ። ትንሽ ትራመድና ቆማ ታስባለች። ከአከፋፋዮቹ የአንደኛው መኪና አጠገብ ስትደርስ ጎኗን በሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ቲቸር ግን አልቸኮሉም። እንግዶቹን አንድ በአንድ እጅ እየነሱ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሰላም አሏቸው። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኛ ቤት መጠጥ አይገባም» አሉት በዚያ በጠራው አማርኛቸው። «ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን አልቀመሰም። እኔም አልቀመስኩም። እሷ ግን ከእናንተ ቦይ ጠጥታ መጥታለች። ያጠጣችሁ እናንተ ናችሁ፤ እናንተው አስተኟት።»

ገመዱን የቢሮው በር እጀታ ላይ አሰሩና ሄዱ።

የሐዋሳዎቹ ሰዎች የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው ሲያስቀምጡ አየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጁሱ አልኮል አለው እንዴ ብሎ በቅንነት ጠየቀኝ። የለውም፤ እሷ የጠጣችው ከጉድጓዱ ሰንብቶ የፈላውን ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ነገሩን ባብራራሁት መጠን እየባሰ ሲሄድ ስለታወቀኝ መሀል ላይ አቆምኩ።

እኔ በእውነት ያስፈራኝ ስካሩ አልነበረም። ከብት ብዙ ጣፋጭና የኮመጠጠ ነገር በአንድ ጊዜ ከጠጣች ሆዷ ውስጥ አሲድ በዝቶ ልትሞት ትችላለች። የእንስሳት ሐኪም ደውዬ አስጠራሁ። ወጣት ልጅ ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ላሟን አየ፣ ቦዩን አየ፣ እኔን አየ። ሳቁን ለመደበቅ ቦርሳው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈለገ። በመጨረሻ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን በጠርሙስ አጋትናት። ጠርሙሱም የእኛው ነበር፤ የማንጎ ሥዕል ያለበት።

ከሰዓት በኋላ ላሟ መለስ ማለት ስትጀምር ጡቷ መወጠሩ ታየ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺ ባዮሎጂ አይደል የተማርሽው፣ እለቢያት አለኝ። እኔ የማውቃቸው ፍጥረታት በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ናቸው ብዬ ብነግረውም አልተቀበለኝም። እናቴ ጎጃም ውስጥ ላሞች እንዳሏት ነግሬው ስለነበር በዚያ ያዘኝ። ሞከርኩ። ላሟ ገና ያልበረደላት ስለነበረች ይሁን ወይም ስለናቀችኝ፣ ጅራቷን አዙራ ፊቴን በደንብ አጠበችው። ዘበኛው ጋዋኔን ተቀብሎኝ፣ ራሱ ተንበርክኮ አለባት። ወተቱን ደፋነው።

በማግስቱ ቲቸር ሊወስዷት ሲመጡ ላሟ ድና የሥራ አስኪያጁን ጽጌረዳ ከነእሾሁ በልታ ጨርሳ ነበር። ቲቸር ጽጌረዳው የነበረበትን መደብ ተመልክተው፣ «ራት ስለጋበዛችኋት አመሰግናለሁ» አሉና ገመዱን ፈቱ።

ወሬው ከላሟ ቀድሞ ሶዶ ገብቶ ነበር። በሳምንቱ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ አብራኝ የተሳፈረች ሴትዮ ፋብሪካችን ጋ ስንደርስ፣ «ላሟ የሰከረችበት ጋ ወራጅ አለ» ስትል ሰማሁ። ነጂው ያለ ምንም ጥያቄ ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬም ድረስ የፌርማታው ስም እሱ ነው። የፋብሪካውን ስም በትልቅ ታፔላ ያጻፈው ሥራ አስኪያጅ ይህን በጆሮው የሰማ ዕለት ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋ።

«ያ የምትይው ጉድጓድ ይፈነዳል?»

«በትክክል ከተሠራ አይፈነዳም።»

«እንግዲያው በትክክል ይሠራ።»

ግንበኞች መጥተው ከአዳራሹ ጀርባ ቆፈሩ። ከመሬት በታች ክብ ጉልላት ገነባን፤ ስንጥቅ እንዳይኖረው ውስጡ ደጋግሞ ተለሰነ። በቦዩ ጫፍ ልጣጩን የሚያስቀር ወንፊት አደረግን። ከጉልላቱ ለሚወጣው ውሃ ጠጠር የተነጠፈበት ረጅም መደብ ሠርተን ከወንዝ ዳር ያመጣነውን ቄጠማና ደንገል ተከልንበት። ከጉልላቱ አናት የጋዝ ቧንቧ አውጥተን ወደ ሠራተኞች ማብሰያ ቤት ዘረጋን። በመሀሉ፣ ያንን የእንቁላል ሽታ እንዲያስቀርልን፣ ከጋራዥ የለመንኩትን የዛገ የብረት ፍቅፋቂ በበርሜል ሞላሁበት። ሥራ አስኪያጁ በየዕለቱ እየመጣ በሩቁ ያያል፤ ጉልላቱ ላይ ግን አይቆምም።

ከዚያ የቀረው ነፍስ መዝራት ነበር። ጉድጓዱ ያለ ባክቴሪያ ባዶ ገንዳ ነው። ለዚህ ሥራ ከከብት ሆድ የመጡትን የሚወዳደራቸው የለም፤ ስለዚህ ብዙ ትኩስ እበት ያስፈልገኛል። የቅርቡ እበት የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ቲቸር ቤት ማን ይሂድ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርንና እኔ ሄድኩ።

ቲቸርን እንሰታቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ላሜን ያሰከረው ፋብሪካ አሁን ደግሞ እበቷን አምሮታል?»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ባክቴሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው አልኳቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ስኳሩን እየተስገበገቡ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ሁለተኛዎቹ ዝግተኞች ናቸው፤ አሲዱን ቀስ እያሉ ጋዝ ያደርጉታል። ችኩሎቹ ዝግተኞቹን ከቀደሟቸው ጉድጓዱ ይኮመጥጥና ሥራው ይበላሻል። ቲቸር ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። ክፍላቸው ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሯቸው እነዚያኑ ሁለት ዓይነቶች እንደሆኑ ነገሩኝ። እበቱንም ፈቀዱ፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ። «በላሜ ስም በሚሠራ ነገር ላይ ውሸት እንዳታስገቡበት።»

ላሟ ብቻዋን ስለማትበቃን ቲቸር የኅብረታቸውን ሴቶች አስተባበሩ። ሴቶቹ ከየቤታቸው እበት በባልዲና በሳፋ ተሸክመው፣ በወላይትኛ መዝሙር እየዘመሩ መጡ። በጀርባ በኩል አቋራጭ በር አለን፤ በዚያ ቢገቡ ይቀርባቸዋል። ቲቸር ግን በፊት ለፊቱ በር አስገብተው፣ በሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር በሰልፍ አሳለፏቸው። መስኮቱ ሲዘጋ ሰማሁ። መዝሙሩም የዚያን ጊዜ ከፍ አለ።

ጉድጓዱን እንደ ሕፃን ጥቂት በጥቂት መመገብ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አሲዱን በወረቀት እለካለሁ፤ ከኮመጠጠ ኖራ በጥብጬ እጨምርለታለሁ። ጋዝ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ማብሰያ ቤት ሄጄ ክብሪት ለኮስኩና ምድጃውን ከፈትኩ። ጋዙ እፍ ብሎ ክብሪቱን አጠፋብኝ። ደገምኩ፤ ደገመ። ምግብ አብሳይዋ ከሳቋ የተነሳ ማማሰያዋን ጣለች። የመጀመሪያው ጋዝ እንደዚያ ነው፤ አብዛኛው እኛ ከአፍንጫችን የምናስወጣው ዓይነት ስለሆነ አይነድም። ዝግተኞቹ እስኪበረክቱ መጠበቅ ነው። ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ነገርኩት።

እሱ ግን ከዞን እንግዶች ጋብዞ ጨርሶ ነበር። የፋብሪካውን ስም ከላሟ ለማስለቀቅ ሌላ መንገድ አልታየውም። አልደረሰም፣ ቀኑ ይገፋ አልኩት። ፈገግ አለና፣ «አንቺ ማብራሪያውን ብቻ ስጪ» አለኝ። የዚያ ፈገግታ ነገር ወዲያው ሊገባኝ ይገባ ነበር።

የምርቃቱ ዕለት ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ ምድጃ ተቀምጧል፤ የጋዝ ጎማው ከጠረጴዛው በታች አድርጎ ወደ ግድግዳው ኋላ ይሄዳል። ከዞን የመጡት ኃላፊ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቲቸር የእበቱ ባለቤት እንደመሆናቸው የክብር እንግዳ ሆነው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ክብሪት ጫረ።

እሳቱ ቦግ አለ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ያ እሳት ከእኔ ጉድጓድ ሊወጣ አይችልም፤ ትናንት ክብሪት ያጠፋ ጋዝ ዛሬ እንዲህ አይነድም። ማብራሪያ እንድሰጥ ተጋበዝኩ። ስለ ቄጠማው ሥር፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ብረት ፍቅፋቂው በዝርዝር ተናገርኩ፤ ስለ እሳቱ ግን አንድም ቃል አልወጣኝም። እየተናገርኩ ሳለ ቲቸር አፍንጫቸውን ወደ ምድጃው ቀሰር አድርገው ሲያሸቱ አየሁ። ከዚያም መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ ሰው መስለው ተነስተው ከግድግዳው ኋላ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጀመረ። «ይህ የምታዩት እሳት» አለ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ትናንት ጎረቤቶቻችንን ያስቸገረ ቆሻሻ ነበር...» እሳቱ አነሰ። ጎበጠ። ጠፋ።

ነፋስ ነው አለና እንደገና ጫረ። ምንም የለም። ቀና ብሎ ዳሞታን ተመለከተ፤ የዛፉ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ቲቸር ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ከኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ የአስተማሪ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ የጎማው ጫፍ በስህተት የጋዝ ሲሊንደር ላይ ተገጥሞ አገኘሁትና ዘጋሁት። ጉድጓዱ እኮ በዚያ በኩል ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ክብሪቱን እንደያዘ ቀረ። የዞኑ ኃላፊ ከንፈራቸውን ነክሰው ለመቆየት ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። «ቲቸር ዛሬም ኩረጃ ይይዛሉ» አሉ። ለካ እሳቸውም ተማሪያቸው ነበሩ። ይህን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ዘበኛችን ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ የተያዘ ሳይሆን አይቀርም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረው እውነቱን ጠየቁኝ። ጋዙ ገና አይነድም፤ ግን ይነዳል አልኳቸው። ይዣቸው ወደ ጀርባ ሄድኩና የሚገባውን ውሃና ከቄጠማው መደብ የሚወጣውን በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ አሳየኋቸው። የገባው እንደ ድፍድፍ የደፈረሰ ነው። የወጣው ሻይ መሰለ እንጂ ግማት አልነበረውም፤ እኔም ያን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። ኃላፊው ብርጭቆውን አሽተው ለቲቸር ሰጧቸው። ቲቸርም አሽተው መለሱ። ኃላፊው ሲሄዱ፣ እሳቱ በራሱ ጊዜ ሲነድ ጥሩን፣ ድንኳኑ አያስፈልግም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ሠራተኛ ሊወጣ ሲል ላቦራቶሪ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙን አልቀየረም። ሲሊንደሩን ከአንድ ሆቴል ተውሶ እንደነበር፣ ሲመልሰውም ባለ ሆቴሉ ወሬውን ሰምቶ እንደቆየው ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ይነዳል?» አለ። ይነዳል አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ተጋብቶብኝ እኔም ሳቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይፈነዳል ወይ ብሎ አለመጠየቁን ልብ ያልኩት ከሄደ በኋላ ነው።

የነደደው ተራ በሆነ የሥራ ቀን፣ ማንም ሳይጋበዝ ነው። ምግብ አብሳይዋ ለራሷ ጨዋታ ክብሪት ጭራ ስታስጠጋው ነደደ። እየሮጠች መጥታ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። በቀን ብርሃን እሳቱ የሚታይ እንኳ አልነበረም፤ ሰማያዊ ጥላ ይመስላል። መኖሩን ያወቅነው እጃችንን ከላዩ ስንዘረጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ሳይቆልፍ እየሮጠ መጣ። ዘበኛው ማንም ሳያዘው ቲቸርን ሊጠራ በረረ።

ቲቸር መጀመሪያ እሳቱን አላዩም። ጎማውን ከምድጃው ጀምረው በእጃቸው እየዳበሱ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ በብረት ፍቅፋቂው በርሜል በኩል፣ እስከ ጉልላቱ አናት ድረስ ተከተሉት። ሁላችንም ከኋላቸው ተሰልፈን እንደ ተማሪ ሄድን። ጉልላቱ ጋ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ «ሎኦ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከእሳቸው አፍ ከዚህ በላይ ውጤት የለም ሲል ዘበኛው ሹክ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ሰብስቦ በዚያ እሳት እንቁላል ጠበሰልን። ጨው አበዛበት። በዳጣ አድርገን በላነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ቦዩ ሲደርቅ ጎረቤቶቻችን ስለ ሽታ ማውራት ተዉና ስለ ዝቃጩ ማውራት ጀመሩ። ቲቸር እንሰታቸው ሥር አፍስሰውት ነበር፤ ቅጠሉ ተንዠረገገ። ጎደሬ የተከለ፣ ስኳር ድንች የተከለ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፍ ጀመር። ከቢጠና ማንጎ የሚያመጣልን ነጋዴ እንኳ ባዶ መኪና አልመለስም ብሎ ዝቃጭ ጭኖ ይሄዳል።

የማንጎው ወቅት ሲያልፍ እጣቢው አነሰ፤ ዝቃጩም አብሮ አነሰ። አንድ ቀን የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ቲቸርን ከፊት አድርገው፣ ቢሮ ድረስ መጡ። አቤቱታቸው ቆሻሻው ለምን ቀነሰ የሚል ነበር። ለሌላ ሰፈር እየሰጣችሁ ነው ወይ ብለው ጠረጠሩን። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ያሳየው ደስታ ለምርቃቱ ዕለት ከተዘጋጀው ንግግር ሁሉ ይበልጥ ነበር። ወንበር አቀረበላቸው፤ ስለ ፍራፍሬ ወቅቶችም ራሱ በሰፊው አስረዳቸው። ቲቸር እያዳመጡ አንድ ሁለት ጊዜ ሰዋስዉን አረሙት።

አሁን የአቮካዶ ወቅት ነው። የአቮካዶ እጣቢ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ እንደ ቆዳ ይጋገራል፤ ጋዙን ያፍናል። ረጅም ዱላ ይዤ ማማሰያ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሜ ስበጠብጠው እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለሁ እናቴ ደወለች። ጋዝ ላይ እንደምሠራ አንድ ጊዜ በደፈናው ነግሬያት ነበርና ለአገሩ ሁሉ ልጄ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ናት ብላ አውርታለች። ሰዉ ወጣ ወይ እያለ አላስቀምጥ ስላላት ነው የደወለችው።

«እማዬ፣ ነዳጅ አይደለም» አልኳት። «ከእበትና ከፍራፍሬ እጣቢ የሚወጣ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ ይህን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኳት። ልንሰነባበት ስንል ግን ቆይ አለችኝ።

«ለመሆኑ የእኛ ላሞች እበት ይበቃል?»